ጸሎት ለልጅ ደስታ እንጂ ቅጣት አይሁን



ዛሬ ከፊደልና ከሰዋስው ወጣ ብዬ ስለ ጸሎት ትንሽ ብናወራ ብዬ ነው። ነገሩ ከትምህርታችን የራቀ አይደለም። ብዙዎቹ ትንንሽ ተማሪዎቻችን በቃላቸው ከሚያውቁት አማርኛ ረጅሙ «አባታችን ሆይ» ነው። በአንድ ትንፋሽ ይሉታል። «ይቀደስ» ምን ማለት ነው ብላችሁ ስትጠይቋቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ትርጉሙ ያልገባው ልጅ በ6 ዓመቱ እናቱን ለማስደሰት ይለዋል፤ በ14 ዓመቱ ግን ሊተወው ይችላል። ያኔ የሚተወው ጸሎቱን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ጭምር እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ኑሯችን ይታወቃል። ኢስት ኮልፋክስና አውሮራ አካባቢ ያለን ቤተሰቦች ብዙዎቻችን በፈረቃ ነው የምንሠራው። አንዱ ሌሊት ኤርፖርት ሲገባ፣ ሌላው ማታ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ደክሞት ይመለሳል። ስለዚህ የማታ ጸሎት «ቶሎ በል! ቀጥ ብለህ ቁም! አትሳቅ!» እየተባለ የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው። ከዚህም ብሶ ልጁ ሲያጠፋ «ሂድና ጸልይ» ይባላል። እንዲህ ከሆነ ጸሎትና ቅጣት በልጁ አእምሮ ውስጥ አንድ ይሆናሉ።

«ጸሎት እኮ ጨዋታ አይደለም» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ጸሎት ፌዝ አይደለም። ደስታ ግን ፌዝ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮና ጸናጽል፣ ሽብሸባና እልልታ ያላት ናት። በቡሄ፣ ማለትም ነሐሴ 13 ቀን (እዚህ ኦገስት 19) በሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ አገር ቤት ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየቤቱ ዞረው ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ። ወንጌላውያን ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን በጭብጨባና በመዝሙር ያሳድጋሉ። እንግዲህ ልጅን በደስታ ማስጸለይ ከአሜሪካ የመጣ ፈሊጥ አይደለም፣ የራሳችን ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? በበኩሌ የምመክረው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ይጠር። አባቶቻችን ውዳሴ ማርያምን ለሰባቱ ቀናት ከፋፍለው ነው ያቆዩልን። መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይጸለያል። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ልቁጠርላችሁ፦ በቀን 2 ደቂቃ በዓመት 730 ደቂቃ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ በየቀኑ 2 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ከሚሆን ግማሽ ሰዓት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሰውነቱም ይጸልይ። ልጅ ቆሞ መስማት ይሰለቸዋል። ያማትብ፣ ይስገድ፣ ይዘምር። «እግዚኦ» ሲባል በጣት አንጓ ይቁጠር፤ አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ ስላላቸው አውራ ጣት እየነካ ሲሄድ 12 ይሞላል። ከፍ ያሉት 41 ለማድረስ ሦስት ዙር ሄደው 5 ይጨምራሉ። ጸሎትም ሒሳብም ሆነ ማለት አይደል?

ሦስተኛ፣ የራሱ ቃል ይኑረው። መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ነገር ያመስግን፣ ለአንድ ሰው ይለምን። «አያቴን ጉልበቷን አድንልኝ» ቢል ስንት ነገር ተማረ! በእንግሊዝኛ ከመጣለት በእንግሊዝኛ ይበለው፣ እግዚአብሔር እንግሊዝኛ አይጠፋውም። እናንተ ያንኑ በአማርኛ ድገሙለት።

አራተኛ፣ ተራ ስጡት። በሳምንት አንድ ቀን «ዛሬ ጸሎቱን የምትመራው አንተ ነህ» በሉት፣ እናንተ ተከተሉት። ቢሳሳት አትቆጡ።

ስለጸለየ ከረሜላ መስጠቱን ግን አልደግፍም። ከረሜላው ደመወዝ ይሆንና ደመወዙ ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል። ለልጅ ትልቁ ሽልማት እናትና አባቱ ስልካቸውን አስቀምጠው አጠገቡ መቆማቸው ነው።

ልጆች! የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ። ቤታችሁ ከሚጸለየው ውስጥ ያልገባችሁን አንድ ቃል ምረጡ። እማዬን ወይም አባዬን ትርጉሙን ጠይቁ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉና ለሚቀጥለው ክፍል ይዛችሁ ኑ። ወላጆችም ቃሉ ግእዝ ሆኖ ቢያስቸግራችሁ «እኔም አላውቀውም፣ አብረን እንፈልግ» ማለት ነውር የለውም። አብሮ መፈለጉ ራሱ ልጁን ወደ ጸሎቱ ያቀርበዋል።

ቸር ሰንብቱ!