ሚዛን የሌለው የሚዛን ወሬ



ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከሸኮ እስከ ጉራ ፈርዳ ባለው አገር ወሬ አልጠፋም። ቡና ሲፈላ ወሬ አለ፤ በመናኸሪያ ወሬ አለ፤ ቴሌግራም ሲከፈትማ ወሬው ከአፍ እስከ ገደፉ ነው። የጠፋው ዜና ነው። ዜና ስንል ማን እንዳየው የታወቀ፣ መቼና የት እንደሆነ የተነገረ፣ ስሕተት ቢገኝበት የሚያርመው ባለቤት ያለው ወሬ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን በሸኮ ወረዳ ፈልጎ ያገኘ ሰው ካለ ይንገረንና እኛ ዝም እንበል።

ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ያለ ደመወዝ፣ የአካባቢውን ዜና የሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ ያቋቁሙ የሚል ሐሳብ ስናቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣብን መልስ «የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አለ፣ ሚዛን ላይ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አለ፣ ምን ጎደለ?» የሚል ነው። የመንግሥት መገናኛ ሥራው የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ ማድረስ ነው፤ በዚህ አንነቅፈውም። ስብሰባው መካሄዱን ይነግረናል፤ እንግዳው መጎብኘታቸውን ይነግረናል። የውሃው ፓምፕ መበላሸቱን የምንሰማው ግን ተጠግኖ የተመረቀ ዕለት ነው። በመካከል ባሉት ወራት ወንዝ የወረደችው ልጅ ዜና አይደለችምን?

ስለ ቡናው እንነጋገር፤ የዚህ አገር ጉሮሮ እርሱ ነውና። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ገበሬው ዋጋ በስልክ እንዲሰማ 929 የሚባል ቁጥር ተዘጋጅቶለት ነበር። መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ያ ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ደረጃ ወጥቶለት የሚሸጥ ቡና ዋጋ ነው። የሸኮ ገበሬ የሚሸጠው እሸት ነው፤ ቢበዛም ጀንፈል። የእሸቱን ዋጋ የሚነግረው ማነው? ገዢው ራሱ! አንዱ ሰብሳቢ በዚህ መንደር የሚከፍለውን ሌላው በሚቀጥለው መንደር ከፍ አድርጎ ቢከፍል፣ ገበሬው የሚሰማው ቡናው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። በቆላው በቴፒና በበበቃ በኩል ቡናው ቀድሞ ስለሚደርስ፣ የዚያ ወሬ በጊዜው ወደ ደጋው ቢወጣ ብቻ ለብዙ ቤት የአንድ ዓመት የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ያተርፋል። ዐሥር ተማሪዎች በየገበያው ቀን የእሸቱን ዋጋ ከሦስት ሻጭና ከሁለት ገዢ ጠይቀው ቢጽፉ ይህ ይፈጸማል። ስሟ ሚዛን በሆነች ከተማ የሚዛኑን ትክክለኛነት የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ አለመኖሩ ያስቃል፤ ያሳፍራልም።

ከገንዘብ የከበደ ነገርም አለ። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ አካባቢ ከአስተዳደር ጥያቄ ጋር በተያያዘ ግጭት የሸኮና የመዠንግር ተወላጆች ሲገደሉ፣ መንግሥት የተናገረው የሟቾች ቁጥርና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች የዘገቡት ቁጥር የሰማይና የምድር ያህል ተራርቆ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉራ ፈርዳ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉም አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሰማው ከሩቅ ነው። ሁለቱንም ጊዜ በቦታው ሆኖ የሟቹን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን የሚመዘግብ፣ በሁሉም ወገን የሚታመን የአካባቢ ጋዜጣ አልነበረም። ባዶውን ቦታ ማን ሞላው? በሩቅ ከተማና በባሕር ማዶ ተቀምጦ የሌላ አገር ሬሳ ፎቶግራፍ እየለጠፈ ተከታይ የሚያበዛው ነው። ይህ ሰው ሸኮን አያውቃትም፤ የሸኮንም መንገድ በጭቃ ወራት አልሄደባትም፤ ነገር ግን የሸኮን ልጅ ከጎረቤቱ ጋር ያጋጫል። ሲጋጩ እርሱ አይቆስልም።

«ታዲያ ተማሪ ዜና ቢጽፍ እሳቱን አያባብስም ወይ?» የሚሉ መምህራን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ዝምታ አይደለም። በአፋር ዳጉ የሚባል ሥርዓት እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ይለያሉ፤ ሐሰት ያወራ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ ይዋረዳል፣ ይቀጣልም። ይህን ሕግ አርብቶ አደሩ ያለ ዲግሪ ሲያከብረው፣ የጋዜጠኝነት መማሪያ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ ያለው ተማሪ እንዴት ይሳነዋል? የሞት ወሬ ሁለት የዐይን ምስክር ሳይገኝለት አይወጣም፤ የሟቹ ብሔር ለነገሩ መረዳት ካልጠቀመ አይጠቀስም፤ ስሕተት ሲገኝ ስሕተቱ በወጣበት ስፍራና ስፋት ይታረማል፤ የአዘጋጆቹ ስም በግልጽ ይጻፋል። ስሙን ደብቆ የሚጽፍ ሰው ከእኛ ጋር አይሥራ።

ሕጉንም እንወቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ለሚፈጸም ጥፋት ቅጣቱን ያከብዳል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አግብቷል። እነዚህ አዋጆች ለሹም እጅ ሰፊ ናቸው ብለን የምንሰጋ ብንኖር ስጋታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በደንብ የተመዘገበ፣ ምስክሩን በመዝገብ የያዘ ጸሐፊ ከአሉባልተኛው ይልቅ የሚከራከርበት ነገር አለው።

«መሣሪያ የለንም» ለሚሉት ደግሞ አጭር መልስ አለን። «አእምሮ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ይታደል ነበር። ዛሬ ከመካከላችን በኪሱ ስልክ የሌለው ማነው?

ይልቅስ እውነተኛው ችግር መዝለቁ ነው። ፈቃደኛ በመስከረም ይሞቃል፤ ፈተና ሲመጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲመረቅ ይሄዳል። ይህን አንክድም። መድኃኒቱን ግን ከባሕር ማዶ መፈለግ አያሻም፤ እድራችንን እንይ። እድር ደመወዝ ሳይከፍል ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ዳኛው ቢለወጥ ጸሐፊው ቢሞት መዝገቡ አይሞትም። የሚዘልቀውም ሰው ሁሉ ቅን ስለሆነ አይደለም፤ የሚቀር ሰው ስለሚቀጣና ሁሉም አንድ ቀን ቀባሪ ስለሚያስፈልገው ነው። ድረ ገጹም እንዲሁ ይሁን፤ ተረኛ ይኑረው፣ የቀረ ይቀጣ፣ የመግቢያው ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ አይደር፣ ከአንደኛ ዓመት ተማሪ ያላስተማረ አዘጋጅ አይሰናበት። ወጪው ከተማሪው መዋጮ ይውጣ። ከቡና አቅራቢ የተቀበልን ዕለት የእሸቱ ዋጋ ከገጹ ይጠፋል፤ ከጽሕፈት ቤት የተቀበልን ዕለት ፓምፑ።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪው አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ከአዲስ አበባ ይላክ ነበር። እኛ መላክ አያስፈልገንም፤ ደርሰናል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ከየወረዳው የመጣ፣ ሸክኛና ቤንችኛ፣ ሸክኖኖና መዠንግርኛ የሚናገር ተማሪ በየዶርሙ ተኝቷል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ክልል ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ በጀቱን የሚያይ ዐይን ግን ገና ከሌላ ቦታ እንጠብቃለን።

የእሸት መልቀም ወራት ሳይገባ ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ስድስት ከሚዛን ግቢ፣ ስድስት ከቴፒ። ሁለት መምህራን ለእርማት ቢጨመሩ መልካም ነው፤ ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው ይምጡ። የመጀመሪያው እትም የሸኮ ገበያ የእሸት ዋጋ ይሁን።