መሬታችን ከሃርድ ዲስክ ትውጣ

የጉራጌን መንደር ከላይ ያየ ሰው ጀፎረን አይስተውም፦ በሣር የተሸፈነ ሰፊ የጋራ መንገድ፣ ግራና ቀኙ የቤት ረድፍ፣ ከቤቶቹ ጀርባ የእንሰት ጓሮ። አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው ሲነሣ ሽማግሌ ይዳኘዋል። ዛሬ ለሽማግሌውም ምስክር ተገኝቶለታል፤ የአየር ፎቶግራፍ። ችግሩ ምስክሩ መቆለፉ ነው።

ምስሉ በብዙ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በባለሙያው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ፈላጊው ደብዳቤ ያጽፋል፣ ፍላሽ ይዞ ይመላለሳል፤ ባለሙያው መስክ ከወጣ ደግሞ ነገ ይባላል። ተለምኖ የተገለበጠው ፋይልም መቼ እንደተነሣ አይታወቅም።

መፍትሔው ምስሉን በኢንተርኔት አገልግሎት መልክ መልቀቅ ነው። ሰርቨሩ ትልቁን ምስል ብዙ ጊዜ 256 በ256 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ስልኩም በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ብቻ ይጠራል። አንዱ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በየአቅጣጫው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ቡታጅራ ያለ አርሶ አደር የራሱን ቀበሌ ለማየት ያን ሁሉ ማውረድ የለበትም። ኔትወርኩ ለሚያስቸግረን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ሥዕሉን ብቻ መልቀቅ ግማሽ ሥራ ነው። የግብርና ባለሙያው የሰብሉን ልምላሜ የሚያሰላው ከቀለሙ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ፒክስል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከነቀኑ ይለቀቅ። ልኩም ይነገር፦ የሴንቲኔል 2 ፒክስል ቢያንስ 10 ሜትር ስለሆነ የአጥር መገፋትን አያሳይም፤ ለጀፎረ ክርክር የአየር ፎቶው ግድ ነው።

«ምስጢር ይወጣል» የሚሉ አሉ። የባለይዞታው ስም ይቆለፍ፤ ምስሉ ግን የሕዝብ ነው። አንድ የላንድሳት ሳተላይት ምስል እስከ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ ለመልቀቅ ወሰነች፣ ተጠቃሚውም በብዙ እጥፍ በዛ። ምስል የሚጠቅመው ሲታይ ነው።

ምስሉን በኢንተርኔት የሚያቀርበው፣ እንደ ጂኦሰርቨር ያለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨርና ተማሪ ቢመድብ፣ የጉራጌና የምሥራቅ ጉራጌ ዞኖች ምስሉን ቢሰጡ ሥራው ይጀመራል። ኃላፊዎቻችን ሆይ፣ ለጠያቂው ፍላሽ አምጣ ከማለት ሊንኩን ስጡት።