የሰብሉ ልኬት በሸማቹ ዘንቢል ይሁን

በመቂና በባቱ አካባቢ ገበሬዎች በመስኖ የሚያመርቱት ቲማቲምና ሽንኩርት ለአዲስ አበባ ገበያ ታላቅ ድጋፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ከማሳው እስከ ከተማው ያለው ርቀትም በጭነት መኪና የጥቂት ሰዓት ጉዞ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ምርቱ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ገበሬው የለቀማውን ወጪ እንኳ የማይሸፍን ዋጋ እየተሰጠው ቲማቲሙን ማሳ ላይ የሚተውበት ወቅት አለ። ወራት ሳይቆይ ደግሞ የከተማው ሸማች ዋጋው አልቀመስ ይለዋል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ለሰው ምግብነት ከሚመረተው አንድ ሦስተኛው ያህል በብልሽትና በብክነት ይጠፋል። እንደ ቲማቲም ውኃ የበዛበትና ቆዳው ስስ የሆነ ምርት ለዚህ ጥፋት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በቀትር ፀሐይ ተለቅሞ፣ ጥላ በሌለበት ቆይቶ፣ ጎኑ ባልተላገ ጥልቅ የእንጨት ሳጥን ሲታጨቅ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይፈርጣል፤ አንዱ የፈረጠም ሌላውን ያበሰብሳል።

መፍትሔው በአብዛኛው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለሩቅ ገበያ የሚሄደውን ቲማቲም ቀለሙን መለወጥ ሲጀምር በጧት መልቀም፣ በዳስ ጥላ ሥር ማቆየት፣ የተጎዳውን ለይቶ ማውጣት፣ ጥልቀት በሌለውና ጎኑ ለስላሳ በሆነ ሳጥን መጫን ይቻላል። ሽንኩርቱም ከመነቀሉ በፊት ውኃው ሊቋረጥለት፣ ከተነቀለም በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ ነፋስ በሚያገኝበት ሥፍራ ሊሰነብት ይገባዋል።

ሁለተኛው ችግር የግብይቱ ነው። የአዲስ አበባው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ነገር ግን የገበያው ሥፍራ መለወጥ ብቻውን ገበሬው ዋጋን ከደላላ አፍ ብቻ የሚሰማበትን አሠራር አይለውጥም። ደላላን መውቀስም መልስ አይሆንም፤ መኪና የሚያገኘው፣ ገዢውን የሚያውቀውና ገንዘቡን በእጅ የሚሰጠው እርሱ ነውና። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር በትክክል መዝኖ፣ በወቅቱ ከፍሎና መኪናውን በቀኑ አቅርቦ ካልተገኘ አባሉ ወደ ደላላው መመለሱ አይቀርም።

ስለዚህ ማኅበራት የአባሎቻቸውን የተከላ ጊዜ በየሳምንቱ ከፋፍለው ምርቱ በተራ እንዲደርስ ማድረግ፣ ከከተማው ሸማቾች ማኅበራትና ከእሑድ ገበያዎች ጋር አስቀድመው መዋዋል ይጠበቅባቸዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የእርሻ ልማት ሠራተኛውም ድርሻ አለበት። እስካሁን የሥራው ውጤት በአመዛኙ የሚለካው በሄክታር በተገኘው ኩንታል ነው። ማሳ ላይ የተቆጠረ መንገድ ላይ ከበሰበሰ ግን ማዳበሪያው፣ የመስኖ ፓምፑ ነዳጅና የገበሬው ላብ አብረው ይባክናሉ። የወረዳው ሪፖርት ስንት ኩንታል ተመረተ ከማለት አልፎ፣ ስንቱ ሳይበላሽ ተሸጠ፣ ገበሬውስ በኪሎ ስንት አገኘ የሚለውንም መመዝገብ ይኖርበታል። ያን ጊዜ ጉድለቱ የት ላይ እንዳለ በግልጽ ይታያል፤ የታየም ጉድለት ይታረማል።