ጊደር ስትጠፋ እንወጣ ነበር፤ ልጅ ሲጠፋስ?

ውድ ወላጆች፣ ሽማግሌዎቻችን፣ አትቀየሙኝ።

ወገራ ወይ ደምቢያ ሳለን፣ ሲመሽ አንዲት ጊደር ከመንጋው ተለይታ ከቀረች ማን ይተኛ ነበር? አባት ዱላውን ይዞ ዱካዋን ይከተላል፣ ልጆች በስሟ እየተጣሩ ሸለቆውን ያስሳሉ፣ ጎረቤት ችቦ አብርቶ ይወጣል። ጅብ ሳይቀድመን፣ የሰው አዝመራ ሳትገባ ብለን ነዋ! እረኛውን መቆጣት ከተገኘች በኋላ ነው። «የኔ ከብት አይደለችም» የሚል አልነበረም። ኦሪትም ብትሆን (ዘጸአት 23፥4) የባዘነን ከብት፣ የጠላት እንኳ ቢሆን፣ መመለስን ግዴታ አድርጋለች።

እዚህስ? የጎረቤት ልጅ እኩለ ሌሊት መናፈሻ ተቀምጦ እያየን አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። ወሬውን ግን ጠዋት ቡና ላይ እናደርሳለን። «ትምህርት ቤቱ ይየው፣ ፖሊስ ይየው፣ እኔ ዕብራይስጥ አልችልም» እንላለን። ልጅን በስሙ ለመጥራት ምን ዕብራይስጥ ያስፈልጋል?

«ልጅ ከብት አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እኔስ ምን አልኩ! ለጊደር ያልሰሰትነውን እግር ለልጅ እንሰስት?

ዛሬ ማታ ውጡ። ቁጣውን ለነገ አቆዩትና «ልጄ፣ እናትህ እራት አቅርባ እየጠበቀችህ ነው» በሉት።