አበባው ለሐውልቱ፣ ለሙታኑስ?

ሚያዝያ 27 ቀን በአራት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ አያለሁ። አልነቅፍም፤ ክብር ነው። ነገር ግን አበባው ማታውኑ ይጠወልጋል፤ እኛም ዕዳችንን እንደ ከፈልን ቈጥረን ወደየቤታችን እንገባለን። አባቶቻችን ያቆዩልን ልማድ ተዝካር ነው፤ በአርባው ቀን ድኻ ይበላል፣ ካህኑም ሟቹን በክርስትና ስሙ ጠርቶ ይጸልይለታል። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ወድቀው ከቀሩት ስንቱን በስሙ እንጠራለን?

«መንግሥት መዝግቦ ይያዘው» ትለኝ ይሆናል፣ ወጣቱ ወዳጄ። የቅድመ አያትህን ወንድም የክርስትና ስም መንግሥት ከየት ያገኘዋል? የሚያውቁት፣ ከእናታቸው አፍ የሰሙት አያትህ ናቸው፤ እርሳቸውንም ሰልፉን ልታይ ስትሮጥ ብቻቸውን ትተሃቸው ወጣህ።