የሲኒማ ቤት አባልነት ለፊልም ወዳጅ ያዋጣልን?

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአሜሪካ አገር በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ተቀምጠው ሥራና ትምህርት የያዙ የቀድሞ ተማሪዎቼ በየጊዜው ይጽፉልኛል። ሰሞኑን ያቀረቡልኝ ጥያቄ ለብዙ ወጣቶችና ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር ለላኩ ወላጆችም የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ፥ መልሴ በዚህ ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ «ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው የሲኒማ ድርጅቶች በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ለሚከፍላቸው ሰው የአባልነት ካርድ ይሰጣሉ። ፊልም ለሚወድ ሰው ይህ ካርድ ያዋጣዋልን?»

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፥ አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኤ.ኤም.ሲ. የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የሲኒማ ድርጅት «ኤ ሊስት» የሚባለውን አባልነት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጀምር፥ በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም የከፈለ ሰው በየሳምንቱ ሦስት ፊልም እንዲያይ ፈቀደ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ800,000 የሚበልጡ ሰዎች ገቡበት። ሪጋል የተባለውም ድርጅት በ2019 የራሱን አባልነት አወጣ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ እንደየክፍለ ግዛቱም ይለያያል። የአከፋፈሉ መንገድ ግን አንድ ነው፤ ወሩ በደረሰ ቁጥር ገንዘቡ ከባንክ ሒሳብ በራሱ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ «አባልነት» የሚለው ቃል እንዳያታልለን እንጠንቀቅ። በእኛ አገር የዕድር አባል የሆነ ሰው በስብሰባ ላይ ድምፅ አለው፤ ኀዘን ሲደርስበትም ድንኳኑ ይተከልለታል። የዕቁብ አባልም ዕጣው ዘግይቶ ቢወጣ እንኳ የከፈለው ገንዘብ ተሰብስቦ ይመለስለታል። የሲኒማው አባል ግን ድምፅም ዕጣም የለውም። ወሩን በሙሉ ሳይሄድ ቢቀር የከፈለው አልቆ ይቀራል እንጂ ለሚመጣው ወር አይተላለፍለትም። እንግዲህ በእውነተኛ ስሙ ስንጠራው፥ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ነው ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙ ሰዎች የሚሠሩት ሒሳብ አጭር ነው። ለምሳሌ ያህል ካርዱ በወር 24 ዶላር፥ የቅዳሜ ማታ መግቢያ ደግሞ 16 ዶላር ነው እንበል። ሁለት ፊልም ያየ ሰው በትኬት 32 ዶላር ይከፍል ነበርና፥ በካርዱ 8 ዶላር አተረፈ ይባላል። ሒሳቡ በደመራው ልክ ነው፤ በመነሻው ግን ይሳሳታል። በአሜሪካ ብዙ ሲኒማ ቤቶች በሥራ ቀን ወይም ከቀትር በፊት መግቢያውን በጣም ቀንሰው ይሸጣሉ። ያው ፊልም በሥራ ቀን በ8 ዶላር የሚታይ ከሆነ፥ በ24 ዶላር ሦስት ፊልም ያለ ካርድ ይታያል። እንደዚህ ላለው ሰው ካርዱ ማትረፍ የሚጀምረው ከአራተኛው ፊልም ላይ ነው። ሌሊት እየሠሩ በሥራ ቀን ዕረፍት የሚያገኙ የእኛ ልጆች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ካርዱን ማመዛዘን የሚገባቸው እነርሱ ራሳቸው ከሚከፍሉት ዋጋ ጋር ነው እንጂ ከቅዳሜ ማታው ዋጋ ጋር አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ካርድ የያዘ ሰው «ተከፍሎበታልና አይቅር» እያለ፥ ያለ ካርድ ቢሆን ኖሮ ደጃፉን የማይረግጥባቸውን ፊልሞች ሁሉ ያያል፤ በወሩ መጨረሻም ያያቸውን ሁሉ በትርፍ ይቆጥራል። ያልፈለጉትን ነገር በርካሽ መግዛት ግን ቁጠባ አይባልም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንደዚህ ያለው ነው። ከዚህም በላይ የመሄጃና የመመለሻ ሰዓት አለ። በሁለት ሥራ መካከል አምስት ሰዓት ብቻ ለሚተኛ ወጣት፥ ከትኬቱ ይልቅ ውድ የሆነው እንቅልፉ ነው።

ድርጅቱስ በዚህ ምን ያተርፋል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሥራ ቀን ፊልሙ የሚታየው ወንበሩ ባዶ ሆኖም ቢሆን ነው፤ በባዶው ወንበር ላይ አባል ቢቀመጥበት ለድርጅቱ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። ከትኬት ከሚገኘው ገንዘብ ብዙው ክፍል ለፊልሙ አከፋፋይ የሚሄድ ሲሆን፥ ፈንዲሻውና ለስላሳ መጠጡ የሚያመጡት ትርፍ ግን በአብዛኛው የሲኒማ ቤቱ ነው። አባሉ በሄደ ቁጥር ፈንዲሻ ይገዛል፤ አባል ያልሆነ ጓደኛም ይዞ ይመጣል። የቀሩትም አባላት ከፍለው ይረሳሉ። ይህ ማታለል አይደለም፤ ነጋዴ ትርፉን አስቦ መነገዱ የታወቀ ነው። ገዢውም የራሱን ሒሳብ ሠርቶ ይግባ ለማለት ነው እንጂ።

ሒሳብ ያልተሠራበት ርካሽነት የት እንደሚያደርስ ግን ሙቪፓስ የተባለው ኩባንያ አሳይቷል። ይህ ኩባንያ የራሱ ሲኒማ ቤት ሳይኖረው፥ እ.ኤ.አ. በ2017 በወር 9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለከፈለ ሰው በየቀኑ አንድ ፊልም እንደሚያሳይ አስታወቀ፤ ለሲኒማ ቤቶቹ ግን ሙሉውን የትኬት ዋጋ እርሱ ይከፍል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አባላቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ፤ ገንዘቡም አለቀ። በ2019 ሥራውን አቆመ፤ በ2020 ባለቤት የሆነው ድርጅት ኪሳራውን አስታወቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2021 ባቀረበው ክስ እንደ ገለጸው፥ ኩባንያው አዘውትረው ፊልም የሚያዩትን አባላት የይለፍ ቃል እያበላሸ እንዳይገቡ ያደርግ ነበር። እንግዲህ ፊልም ወዳጁ በተስፋ ቃሉ ይጋበዛል፤ በተግባር ግን አብዝቶ የሚወደው ሰው ለኩባንያው ዕዳ ይሆንበታል። የኤ.ኤም.ሲ. ዓይነቱ አባልነት የጸናው ቤቱም ወንበሩም ፈንዲሻውም የራሱ ስለ ሆነ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ገንዘብ ነው። ለእኔ ግን የሚከብደው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም ካርዱ የሚከፍተው በር የትኛው ነው? የሚለው ነው። የአንድ ድርጅት ካርድ የሚያገለግለው በዚያው ድርጅት ቤቶች ብቻ ነው፤ በእነዚያም ቤቶች በብዛት የሚታዩት በትልልቅ ኩባንያዎች የተሠሩት ፊልሞች ናቸው። በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልማቸውን በ1993 በበርሊን የፊልም ውድድር ላይ ካሳዩ በኋላ፥ በአሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ኩባንያ አላገኙም። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ያን ጊዜ ያንን ፊልም ያኖረው ከኪሱ አውጥቶ ትኬት የገዛ ተመልካች ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ፥ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ይፋዊ ዝርዝር የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ቢሆኑም፥ እንደዚህ ያሉትን ፊልሞች የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከትልልቆቹ ድርጅቶች ደጅ ውጭ መፈለግ አለበት።

ደግሞም ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚያው በሲልቨር ስፕሪንግ በ1938 ተሠርቶ፥ በኋላም ታድሶ በ2003 እንደ ገና የተከፈተ «ሲልቨር ቲያትር» የሚባል ቤት አለ፤ የሚያስተዳድረውም የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ነው። ከ2004 ጀምሮ የአዳዲስ የአፍሪቃ ፊልሞች በዓል የተስተናገደው እዚያ ነው። ልጆቻችን የትልቁን ድርጅት ካርድ ከያዙ በኋላ «እዚህ በነፃ እገባለሁ፥ እዚያ ለምን ልክፈል?» ማለት ከጀመሩ፥ የራሳቸው አገር ታሪክ በሚታይበት አዳራሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በነፃ የሚመስለው ካርድ እንደዚህ ሆኖ ሳይታወቅ ዓይንን ያስራል።

ይህን ሥጋት የፈረንሳይ አገር ሰዎች ቀደም ብለው አይተውታል። ዩ.ዢ.ሴ. የተባለው ድርጅት በ2000 በወር 98 ፍራንክ እየተከፈለ ያለ ገደብ የሚገባበትን ካርድ ሲያወጣ፥ ትናንሾቹ ሲኒማ ቤቶች «ልንጠፋ ነው» ብለው ጮኹ። መንግሥቱም በ2001 ባወጣው ሕግ እንደዚህ ያለው ካርድ የአገሩን የሲኒማ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ፥ ትናንሾቹም ቤቶች በካርዱ እንዲሳተፉ መንገድ ከፈተላቸው። ስለዚህ በፓሪስ አንድ ካርድ የያዘ ሰው ከትልቁም ከትንሹም ቤት ይገባል። ካርድ በራሱ ክፉ አለመሆኑን፥ ሥርዓት ሲበጅለት ሁሉንም እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

ለካርዱም የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባኝም። ትኬት በየጊዜው ሲገዛ ሰው የሚመርጠው ስሙን የሰማውን ፊልም ብቻ ነው፤ ካርድ ሲይዝ ግን የማያውቀውን ለመሞከር ይደፍራል፤ ካልወደደውም በመካከል ተነሥቶ ቢወጣ አይቆጨውም። ለእንግዳ አገር ሰውም ሲኒማ የቋንቋና የጠባይ ትምህርት ቤት ነው። ቤቱ ለሲኒማው ቅርብ የሆነ፥ በየሳምንቱ የሚሄድ፥ ሥራውንና ጥናቱን የማይበድል ወጣት ካርዱን ቢይዝ ብልህ ነው እላለሁ።

እንግዲህ ምክሬ እንደሚከተለው ነው። ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል። ካርዱን ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ወር ያህል በትንሽ ደብተር ላይ የትኛውን ፊልም፥ በየትኛው ቤት፥ በስንት ዋጋ እንዳያችሁ ጻፉ። በዚያው ድርጅት ቤት በወር አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱን ያዙ፤ ሁለት ብቻ ከሆነ በርካሹ ቀን ትኬት ግዙ፤ ሦስት ከሆነ ደግሞ በከተማችሁ ባለው ዋጋ አስልታችሁ ወስኑ። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ስንት ወር እንደሚያስር፥ እንዴት እንደሚቋረጥ ለዩ። ካርዱን የያዘም ሰው ቢሆን በየወሩ የአንድ ትኬት ዋጋ ለብቻው አስቀምጦ ካርዱ በማይሠራበት ቤት የሚታየውን ፊልም፥ ይልቁንም የአገሩን ልጅ ሥራ ከፍሎ ይይ።

ፊልም ወዳጅነት የሚለካው በተቆጠረው ፊልም ብዛት አይደለም። መምህር አንድ መጽሐፍ በሚገባ ያነበበውን ተማሪ አሥር መጽሐፍ ከገለጠው አስበልጦ እንደሚያመሰግን ሁሉ፥ አንድ ፊልም አይቶ ከጓደኞቹ ጋር የተከራከረበትና ያሰበበት ሰው አሥር ካየው ይልቅ ወዳጅ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ