በአንድ ሳንቲም የሚጀመር የሩቅ ተኩስ

ሩቅ ዒላማ መምታት የሚሻ ወታደር ደመወዙን አስቀድሞ ለመነጽርና ለጥይት ማፍሰስ የለበትም እንላለን። ጅማሬው ከቤት ነው። ካዝናው ይነቀል፤ ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ፤ ጥይትና ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ከዚያም ባለቤቱ ከጎን ሆና ሳንቲም በበርሜሉ ላይ ታኑርለት። ቃታውን ሲስብ ሳንቲሙ ከወደቀ እጁ ገና አልሠለጠነም።

ቀጣዩ ወጪ ደብተር ነው፤ ርቀት፣ ሙቀት፣ ነፋስና የጥይቱ ማረፊያ ይጻፍበት። ቦታ ሲለወጥ የጥይቱም መንገድ ይለወጣልና። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሯ ስስ ነው። በካርቱም ሰሜን ያለችው ካፉሪ ግን በ380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ምንም ቢግል ከአዲስ አበባው የታመቀ ስለሆነ፣ በደጋ የተስተካከለ ጠመንጃ እዚያ በሩቁ ዝቅ ብሎ ይመታል። የቀትሩ ሐሩርም ዒላማውን እንደ ውኃ ያርገበግበዋል፤ ማለዳ ይሻላል። መነጽር ደብተሩ ካለቀ በኋላ ይገዛል።